መስፈርቱ የሚለካው በየትኛው ቀን ነው?



ይህ መርሳ ላይ ተሰብስበን ለነበርን ልጆች የተናገርኩት ነው። ከውርጌሳ፣ ከጊራና፣ ከሊብሶ የመጡ ነበሩ፤ ከወልድያም ሚኒባስ ይዘው የወረዱ። ያልመጣችሁት "በጽሑፍ ልቀቅልን" ስላላችሁኝ እንዳወራሁት አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። ዳታ ለሌለው ጓደኛችሁ በዜንደር አሻግሩለት፤ ላይክ ከሚያደርገው ይልቅ ላላየው ነው የሚጠቅመው።

ስለ ሥራ ማስታወቂያ ነው የማወራው። ከማስታወቂያውም ስለ አንዲት ዓረፍተ ነገር። በቃላችሁ ታውቋታላችሁ፦ ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት ተከታታይ የሥራ ቀናት፣ የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ፣ በአካል ቀርባችሁ ተመዝገቡ። ከሥሯ ማኅተም አለ። ከማኅተሙ ፊት ደግሞ እኛ አለን፣ እየተጋፋን በስልካችን ፎቶ ስናነሳ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፣ እዚያ ወረቀት ላይ ስንት ቀን እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? ማስታወቂያው የተፈረመበት ቀን አለ። ቦርድ ላይ የተለጠፈበት ቀን አለ፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ምዝገባው የሚጀምርበት አለ፣ የሚዘጋበት አለ። ፈተና የሚሰጥበት፣ ውጤት የሚለጠፍበት፣ የቅጥር ደብዳቤ የሚጻፍበት አለ። እና አንድ ተወዳዳሪ "መስፈርቱን አሟልቷል" የሚባለው በየትኛው ቀን ሲታይ ነው? ብዙው ማስታወቂያ ይህንን አይልም። ማስታወቂያው ያልተናገረውን ታዲያ የሚናገረው መዝጋቢው ነው። ጠዋት ለአንዱ እንዲህ ይለዋል፣ ከሰዓት ለሌላው እንዲያ ይለዋል። ሁለቱንም ጊዜ "መመሪያው ነው" ይላል።

"ይቺ ትንሽ ነገር ናት፣ የኛ ችግር ከዚህ ይበልጣል" የሚለኝ አለ። ይበልጣል፣ አልክድም። ሥራው ራሱ ጥቂት ነው። ግን ያ ጥቂት ሥራ ለማን እንደሚደርስ የሚወሰነው በእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ነገር ነው። ለአንድ መደብ መቶና ሁለት መቶ ልጅ ሲሰለፍ መጀመሪያ የሚቆርጠን ፈተናው አይደለም፤ መስኮቱ ነው። መስኮቱ ላይ የተቆረጠ ልጅ ደግሞ ወደቀ አይባልም፤ አልተወዳደረም። ከቁጥርም አይገባም።

አባቶቻችንን ጠይቋቸው። በደርግ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ማስታወቂያ ፍለጋ አይዞርም ነበር፤ መንግሥት ይመድበዋል፣ ትእዛዙን ይዞ ወደተባለበት ይሄዳል። ከዚያ በፊት፣ የመንግሥት ሠራተኛን ቅጥር በአንድ ሕግ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. እስኪቋቋም ድረስ ደግሞ የሥራ መንገዱ በአብዛኛው ደጅ መጥናት ነበር። ደጅ ጥናት ቀን የለውም። ጌታው በጎ ቀን ሲሆንለት ይጠራሃል፣ ካልሆነለት ዓመት ትቆማለህ። ማስታወቂያ የሚባለው ነገር የመጣው ይህንን ለማስቀረት ነው፤ ሥራው ይኸው፣ መስፈርቱ ይኸው፣ ቀኑ ይኸው፣ ማንም ይምጣ ለማለት ነው። ስለዚህ ቀኑ ያልተጻፈበት ማስታወቂያ፣ ወይም ተጽፎም የሚለጠጥ ማስታወቂያ፣ ማኅተም ያለው ደጅ ጥናት ነው የምለው ለዚህ ነው።

በ2010 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ላይ ተጽፎ የነበረውን ላስታውሳችሁ፦ ክፍት መደብ የሚያዘው ለመደቡ የሚጠየቀውን ተፈላጊ ችሎታ በሚያሟላና ከሌሎች ተወዳዳሪዎች የበለጠ ውጤት ባገኘ ሰው ነበር። ክልላችንም የራሱ የሠራተኞች አዋጅ አለው። "የሚያሟላ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። መቼ የሚያሟላ? ሁሉም ነገር ያለው እዚያች ላይ ነው።

ድሮ ይህ ጥያቄ ብዙም አያስቸግርም ነበር። ጋውን ለብሰህ ከቤተሰብ ጋር ፎቶ የተነሳህበት ቀን የተመረቅህበት ቀን ነው፣ አለቀ። አሁን ግን እንደዚያ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ተጀመረ (የሕግ ተማሪዎች ቀድመውም ይፈተኑ ነበር)። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በዚያ ዙር 150,184 ተፈታኝ ተቀመጠ፣ ያለፈው 61,054 ሆነ፤ በመቶኛ 40.65። ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈትነው 48,632 አለፉ። ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው 12,422። ቀሪው 89,130 ልጅ ኮርሱን ጨርሷል፣ ዲግሪ ግን የለውም። ደግሞ መፈተን ይችላል፤ በቀጣዩ ዙር ያለፈም አለ። ታዲያ ይህ ልጅ የተመረቀው መቼ ነው? ኮርሱን የጨረሰ ቀን? ፈተናውን ያለፈ ቀን? ሴኔት ያጸደቀለት ቀን? ቴምፖው የተፈረመበት ቀን? አራት ቀን ነው፣ በመካከላቸውም ወራት አለ። አንዱ መሥሪያ ቤት አንዱን ይቆጥራል፣ ሌላው ሌላውን።

ስለ ፈተናው ጥሩነትና መጥፎነት አሁን አልከራከርም። ፈተናው ይኑር። እኔ የምለው ፈተናው የምረቃን ቀን ለብዙ ልጅ ሲቀይረው ማስታወቂያዎቹ አብረው አልተቀየሩም ነው።

በጤና የተመረቃችሁ ደግሞ ከዚህም ባሰ ታውቁታላችሁ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። መውጫውን አለፍክ፣ ከዚያ የፈቃዱን ዙር ትጠብቃለህ፣ ከዚያ ወረቀቱን ትጠብቃለህ። በቴክኒክና ሙያ የመጣችሁት ሲኦሲ አለባችሁ። ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ ያደጋችሁትን ዲግሪውን ይዛችሁ እያለ የታችኛውን ሲኦሲ አምጡ የሚላችሁ አለ። እያንዳንዱ ወረቀት የራሱ ቀን አለው። መስኮቱ ጋ ስትደርስ ግን ሁሉም በአንድ ቀን መገኘት አለባቸው፤ እንደ ማኅበር ጠላ ሁሉም አዋጥቶ ካልመጣ ጽዋው አይሞላም።

"ዋናው" የምትለዋ ቃልም አለች። ዋናውን አምጡ ሲሉ ቴምፖን ይጨምራል ወይስ ኦሪጅናል ዲግሪን ብቻ ነው? ብዙዎቻችን እጃችን ላይ ያለው ቴምፖ ነው፤ ኦሪጅናሉ የወጪ መጋራት ዕዳ ሳይዘጋ አይሰጥም። የወጪ መጋራቱ ሐሳብ ምንድን ነው? ተመርቀህ፣ ሥራ ይዘህ፣ ከደመወዝህ እየተቆረጠ ትከፍላለህ ነው። ደመወዙን ለማግኘት ወረቀቱ ያስፈልጋል፣ ወረቀቱን ለማግኘት ደመወዙ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ መርሳ ያለው ጀመዓ ስቋል። እኔም ስቄያለሁ፤ የሚያስቅ ግን አልነበረም።

አሁን ወደራሳችን ልምጣ፣ ወደ ሰሜን ወሎ። እኛ ከሌላው አገር ልጅ የምንለየው አንድ ነገር አለ፤ የኛ የትምህርት ዘመን በሰላም የተቆጠረ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና መጣ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በሕወሓት እጅ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎና ፈርሶ ነው የተገኘው። በዚያው ዓመት አገሩ የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲፈተን በጦርነት ቀጠና ያሉ ልጆች አልተፈተኑም፤ በኋላ በሁለተኛ ዙር ነው የተቀመጡት። ከዚያ ትንሽ ተንፈስ አልን ስንል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። የክልላችን ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሳይጠሩ ወራት ቆዩ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ፈተናው ይገፋል፣ ፈተናው በተገፋ ቁጥር ምረቃው ይገፋል።

ይህንን የምናገረው ለማልቀስ አይደለም። ለሒሳብ ነው። በአንድ ዓመት አብረን ዘጠነኛ ክፍል የገባን፣ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው ሐብሩ፣ እኩል ቀን አንጨርስም። አንድ ተቋም "የዚህና የዚህ ዓመት ተመራቂ ብቻ" ብሎ ሲጽፍ፣ እንደ ባንኮቹ ማለቴ ነው፣ የጻፈው ሰው ስለ ጦርነት አላሰበም ይሆናል። ግን ዓመት ቆጠረ። ዓመት ሲቆጠር ደግሞ ጦርነቱ አብሮ ይቆጠራል፣ በኛ ላይ።

ሌላም ትንሽ ወጥመድ አለች። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ቀን በፈረንጆች ነው፣ ማስታወቂያው የሚጠይቀው በኛ ነው። ኦገስት 2023 የሚል ዲግሪ የያዘ የ2015 ተመራቂ ነው። ኦክቶበር 2023 የሚል የያዘ የ2016 ተመራቂ ነው። ሁለቱም ላይ 2023 ነው የሚታየው። መዝጋቢው ሰባት ቀንሶ ወይ ስምንት ቀንሶ እንደፈቀደው ይወስዳችኋል። ስትመዘገቡ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ራሳችሁ አስልታችሁ ሂዱ፤ እርሳስ አያስፈልግም፣ ከመስከረም በፊት ከሆነ ስምንት፣ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር መጨረሻ ባለው ሰባት፣ ፈረንጁ ዓመት ሲቀይር ተመልሶ ስምንት ነው።

እኔም የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ የቢሮውን ስም ግን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቢሮ አይደለምና። የመውጫ ፈተና ውጤቴን ስልኬ ላይ አይቻለሁ፣ አልፌያለሁ። የተማርኩበት ተቋም "ቴምፖ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል" ብሎናል። በዚህ መሃል ከተመረቅሁበት ሙያ ጋር በትክክል የሚገጥም መደብ ወጣ፤ ዜሮ ዓመት፣ አንድ ሰው። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ሐሙስ ሄድኩ። የውጤቱን ወረቀት አሳትሜ፣ ስቱደንት ኮፒዬን ይዤ፣ ከትምህርት ክፍሉም ኮርስ መጨረሴን የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፌ። የመዘገቡት ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁና "ልጄ፣ ማለፍህን አየሁ። እኔ የምመዘግበው ግን ማለፍን አይደለም፣ ቴምፖን ነው" አሉኝ። "ጋሼ፣ ማስታወቂያው ቴምፖ አይልም፣ የትምህርት ማስረጃ ነው የሚለው" አልኳቸው። "እሱማ አዎ" አሉ። ቴምፖዬ ማክሰኞ ወጣ። የጽሑፍ ፈተናው የተሰጠው ከዚያ ስንት ጊዜ በኋላ ነው ትላላችሁ? ከወር በላይ ቆይቶ ነው።

ልብ በሉ፤ እኔ ያልተወዳደርኩት ችሎታ ስላልነበረኝ አይደለም። ማለፌ ቀኑ ከመዘጋቱ በፊት የተረጋገጠ ነገር ነው፤ የዘገየው ፊርማ ነው። የሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ የቆየ ወረቀት ከኔ ዕድሜ ተቆረጠ። ለዚህ ነው ሁለት ነገር እንለይ የምለው፦ ብቃት አንድ ነገር ነው፣ የብቃት ማስረጃ ሌላ ነገር ነው። ብቃቱ በመዝጊያው ቀን መኖር አለበት። ማስረጃው ግን ከቅጥር ደብዳቤው በፊት ቢቀርብ ማን ይጎዳል?

አሁን ብዙዎቻችሁ የማትወዱትን ልናገር። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስብን ወዲያው የምንጮኸው ምንድን ነው? "ይራዘምልን!" ነው። ኮሜንቱ ሁሉ እሱ ነው። እኔ ይራዘም አልልም። ለምን? ቀን የሚያራዝም ሰው ለማን እንደሚያራዝም እናውቃለን። የአንዱ የእህት ልጅ ቴምፖው አልደረሰለትም፣ ማስታወቂያው በሦስት ቀን "ተራዝሟል"። የእህት ልጁ ተመዘገበ፣ ማስታወቂያው ተዘጋ። ከጊራና በእግሩና በባጃጅ መጥቶ በቀኑ የተመዘገበው ልጅ አንድ ተወዳዳሪ ተጨመረበት፤ ያ የተጨመረበትም ማን እንደሆነ ገብቷችኋል። የሚራዘም ቀን የድሃ ልጅ ጓደኛ ሆኖ አያውቅም።

እዚህ ላይ የሕንድን ነገር ላምጣ፣ ምክንያቱም እነሱ ይህንን ጥያቄ ፍርድ ቤት ወስደው ጨርሰውታል። ጃሙና ካሽሚር ውስጥ፣ በፈረንጆች 1982፣ የመንግሥት የኢንጂነር ሥራ ማስታወቂያ ወጣ። የማመልከቻው ቀን ሲዘጋ የአንዳንድ አመልካቾች የዲግሪ ውጤት ገና አልወጣም ነበር። ውጤቱ የወጣው ከመዝጊያው በኋላ፣ ከቃለ መጠይቁ በፊት ነው። መሥሪያ ቤቱ ቃለ መጠይቅ አስገባቸው። ሌሎቹ ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ችግር የለውም አለ፤ በ1997 ግን ውሳኔውን ራሱ መርምሮ ገለበጠው። መስፈርት የሚለካው ለማመልከቻ በተቆረጠው የመጨረሻ ቀን ነው አለ። ምክንያቱ ነው እኔን የያዘኝ፦ ውጤታቸው ያልወጣ ሌሎች ብዙ ልጆች ነበሩ፤ ማስታወቂያውን አምነው "እኛ ገና ነን" ብለው አላመለከቱም። ለጥቂቶቹ በሩን ስትከፍት የበደልከው እነዚያን ያልመጡትን ነው።

ይህን ሳነብ ስንቱ የሐብሩ ልጅ ትዝ አለኝ። "ቴምፖዬ አልወጣም፣ ምን ልሠራ እሄዳለሁ" ብሎ ቤቱ የቀረ። መስኮቱ ጋ ሄዶ የተጨቃጨቀው ቢያንስ ተጨቃጭቋል። ቤቱ ለቀረው ማን ይሟገትለታል? ለእሱ የሚሟገትለት የተጻፈ ቀን ብቻ ነው።

እነሱው ሕንዶች ደግሞ ሌላ መንገድ አላቸው። ትልቁ የሲቪል ሰርቪስ ፈተናቸው ላይ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ለመጀመሪያው ዙር መቀመጥ ይችላል፤ ማለፉን የሚያሳይ ማስረጃ ለዋናው ፈተና ሲያመለክት ማቅረብ ግን ግዴታው ነው። ይህ ከመጀመሪያው በማስታወቂያው ተጽፏል። ልዩነቱ ይታያችኋል? በሩ ክፍት ሊሆን ይችላል፤ ግን ለሁሉም፣ በጽሑፍ፣ አስቀድሞ።

እንግዲህ እኛ የምንጠይቀው ይኸው ነው። በማስታወቂያው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨመር፦ ተፈላጊ ችሎታው የሚታየው ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ነው፣ ቀኑም ይኸ ነው ተብሎ በቁጥር ይጻፍ። "ከወጣበት ቀን ጀምሮ" አይበቃም። ወልድያ ሰኞ የተለጠፈ ወረቀት መርሳ መቼ ደረሰ? በበኵር የወጣ ከሆነ ጋዜጣዋ በሳምንት አንዴ ነው የምትወጣው፣ እኛ ጋ እስክትደርስ ቀኑ እየበላ ነው። የሥራ ቀን ነው ሲባል ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይቆጠራል? በዓል መሃል ሲገባስ? የመጨረሻው ቀን በስሙ ተጠርቶ ከተጻፈ ይህ ሁሉ ክርክር ይቀራል። የመውጫ ፈተና ያለፈ ልጅ ውጤቱንና ከተቋሙ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ከመጣ ይመዝገብ፤ ቴምፖውን ከቅጥር በፊት ያቅርብ፣ ካላቀረበ ይሰረዝ። መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት ደግሞ ምዝገባው ለሁሉም ይቁም፣ ሲከፈት ለሁሉም ይቀጥል። ይህ መራዘም አይደለም፤ ያልነበረን ቀን አለመቁጠር ነው።

ሕገ መንግሥቱን የምትወዱትም የማትወዱትም እዚህ አላችሁ፣ አውቃለሁ። አንቀጽ 12 ግን የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አንቀጽ 41 ለሥራ አጦችና ለችግረኞች የሥራ ዕድል ማስፋት የመንግሥት ግዴታ ነው ይላል። ቀን መጻፍ በጀት አይጠይቅም። የወረቀቷን ሁለት መሥመር ነው የሚጠይቀው።

ስለ ሥራ ልምድም ብዙ ጥያቄ ስለመጣ አጠር አድርጌ ልመልስ። ልምድ የሚቆጠረው ከምረቃ በኋላ ያለው ነው። ስለዚህ የምረቃው ቀን በሦስት ወር ቢዛነፍ ልምዱም በሦስት ወር ይዛነፋል፤ "ሁለት ዓመት" የሚል መደብ ላይ ይህ ዕጣችሁን ይወስናል። የግል ድርጅት ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠየቃል። ሱቅ ውስጥ፣ ወፍጮ ቤት፣ ኮንትራክተር ጋ ስትሠሩ አሠሪያችሁን ከመጀመሪያው ጠይቁ፤ ከለቀቃችሁ በኋላ ለመለመን አትጠብቁ። ደብዳቤው ላይ የጀመራችሁበትና የጨረሳችሁበት ቀን፣ ወርና ዓመት ይጻፍ። "ለሁለት ዓመት ሠርቷል" የሚል ደብዳቤ መስኮት ላይ ውሃ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ። ቀን ሲያጥር "ቴምፖ የሚሠራ ልጅ አውቃለሁ" የሚል ሰው ይመጣል። ይመጣል፣ አይቀርም። የሐሰት ማስረጃ በየትኛውም ጊዜ ሲገኝ ከሥራ ያሰናብታል፣ በወንጀልም ያስከስሳል። ማስረጃ ወደ ተቋሙ ተልኮ ይጣራል፤ ዛሬ ባይጣራ ነገ ይጣራል። ያንን ወረቀት የያዘ ሰው ደግሞ ቦታውን የወሰደው ከሚኒስትር ልጅ አይደለም፤ አብሮት ከተሰለፈው ከመርሳ ልጅ ነው የወሰደው። ስለ ወገን እያወራን ወገንን በወረቀት አንሰርቅም።

ከነገ ጀምሮ ምን እናድርግ ለምትሉ። ኮርስ እንደጨረሳችሁ ደብዳቤ አስጽፉ፤ ነጻ ነው፣ ማንም ግን ካልጠየቃችሁ አይሰጣችሁም። ዲግሪያችሁ ከግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጫን ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ፤ አሁን ጀምሩት። ፋይዳችሁን አውጡ፤ ቁጥሩን የሚጠይቁ እየበዙ ነው። መስኮት ላይ "አይሆንም" ከተባላችሁ አትሳደቡ፣ የሰውየውንም ፎቶ ለጥፋችሁ አታዋርዱ። "ያልተመዘገብኩበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ" በሉ። አብዛኛው ሰው በጽሑፍ ሲባል ቆም ብሎ መመሪያውን ያነባል። ካልሰጧችሁ ራሳችሁ ማመልከቻ ጽፋችሁ፣ ቀን አስፍራችሁ፣ መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቀሪው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቱ። መጀመሪያ ለወረዳው የሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት፣ ካልሆነ ወልድያ ለዞኑ መምሪያ፣ ካልሆነ ለክልሉ። የእንባ ጠባቂ ተቋምም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ የአስተዳደር በደል አቤቱታ የሚቀበለው በነጻ ነው። ጊዜ ይፈጃል፣ አልዋሻችሁም። ግን ምዝገባው ሳይዘጋ የገባ ማመልከቻና ከተዘጋ በኋላ የገባ ማመልከቻ እኩል አይታይም።

መጨረሻ ላይ አንዲት እህታችን ከኋላ ተነሥታ "እኛ ገጠር ያለነው ማስታወቂያውን የምናየው ሲዘጋ ነው፣ እናንተ ከተማ ያላችሁት ምን ታደርጉልናላችሁ?" አለች። ልክ ናት። ስለዚህ ተነጋግረን ይህንን ወስነናል፦ ወልድያ ያላችሁ በየሳምንቱ ሰኞና ሐሙስ የመምሪያዎቹን ቦርድ ትዞራላችሁ፣ መርሳ ያላችሁ የወረዳውን። ያያችሁትን ፎቶ አንስታችሁ እዚህ ገጽ ላይ በውስጥ ላኩ፣ እኛ እንለጥፈዋለን። ኢንተርኔት ከጠፋ በኤስኤምኤስ፦ መሥሪያ ቤቱ፣ መደቡ፣ ተፈላጊ ችሎታው፣ የሚዘጋበት ቀን። የተለጠፈበትን ቀን ያላችሁ ደግሞ እሱን ጨምሩ፤ በኋላ "ከወጣበት ቀን" ሲባል መከራከሪያችን እሱ ነው። ፎቶ ስታነሱ ቀኑና ማኅተሙ እንዳይቆረጡ ከላይ እስከ ታች አስገቡት።